ጀበናዋ ስትበራ

ለዛሬ የፍቅሩን ጉዳይ እናቆየውና ስለ አንዲት ጀበና ላውጋችሁ።

ጌጃ ሰፈር አብሮኝ ያደገ አንድ ልጅ አለ። የሰው ቪትዝ ይዞ ይሠራ ነበር፤ ማታ ማታ ለባለቤቱ ሒሳብ ያስገባል፣ የተረፈችውን ለእናቱ ይሰጣል። አንድ ቀን ከሜክሲኮ ወደ ጦር ኃይሎች ሲሄድ ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ ምልክት ቦግ አለችበት። ቢያያት ጀበና! አፏ ላይ ጠብታ ነገርም አለች። «ጀበና ከበራ ምን ማለት ነው? ፈልቷል ማለት ነዋ» አለና ኮፈኑን ከፍቶ ራዲያተሩ ላይ ውሃ ጨመረ። ምልክቷ አልጠፋችም። ስትቀዘቅዝ ትጠፋለች ብሎ ነዳ። ብዙም ሳይርቅ ሞተሩ ተንኳኳ፣ ተንኳኳና ቀጥ አለ።

ያቺ ጀበና ለካ የድሮ የዘይት ማንቆርቆሪያ ኖራለች። «የሞተር ዘይት ግፊት ወርዷል፣ አሁኑኑ አጥፋ» ነበር የምትለው።

ጅል ነው የምትሉ ካላችሁ እኔ አልስማማም። እነዚህ ሥዕሎች አይኤስኦ 2575 በሚባል ዓለም አቀፍ ደረጃ የተወሰኑ ናቸው። ጃፓኑም፣ ጀርመኑም፣ ሐበሻውም ያለ ፊደል እንዲግባባ ተብሎ። ግን ሥዕልም እኮ ቋንቋ ነው! እንዲያ ያለ የዘይት ዕቃ የት አይተን እናውቃለን? ጀበና ግን በቀን ሦስቴ እናያለን። ፍሬቻን ውሰዱ፤ ቃሉ ራሱ በጣልያንኛ ቀስት ማለት ነው፣ ምልክቱም ቀስት ነው፣ ማንም አይሳሳትበትም። የጎማ ንፋስ ሲጎድል የምትበራዋ ቢጫ ምልክት ግን ቃለ አጋኖ የተጨመረበት ድስት ነው የምትመስለው። ጎማ ተሰንጥቆ ሲታይ ነው አሉ። እስቲ ጎማ ሰንጥቆ የሚያይ ማነው?

የነዳጅ መኪና ጣጣ ነው ብላችሁ ደግሞ እንዳታልፉት። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ከቻይና የሚመጣው የኤሌክትሪክ መኪና በርክቷል፤ ለቻይና ገበያ የተሠራው ደግሞ ስክሪኑ በቻይንኛ የተሞላ ነው። አንዲት የማውቃት ልጅ ከጽሑፉ አንዲት ፊደል አትለይም። ኤሊ ስትበራባት ግን ማንንም አልጠየቀች፤ «ልትንቀራፈፍብኝ ነው» አለችና ቻርጅ ልታደርግ ሄደች። ልክ ናት፣ ኤሊዋ የመኪናው ኃይል ተቀንሷል ማለት ነው። ኤሊን በተረት ያልሰማ ማን አለ?

እናማ ሥዕሉ ባይገባችሁ ቀለሙን እዩ። ቀይ ከሆነ ጥጋችሁን ይዛችሁ ቁሙ። ቢጫ ከሆነ ሳትውሉ ሳታድሩ መካኒክ ጋ። አረንጓዴና ሰማያዊ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነገር መብራቱን ወይም መሥራቱን ነው የሚነግሯችሁ። «ጀበናዋ» ከበራች ሞተር አጥፍታችሁ፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቃችሁ ዘይቱን በመለኪያው እዩ። ዘይቱ ሙሉ ሆኖም ከበራች አትንዱ፣ አስጎትቱ። ከሞተር የመጎተቻው ዋጋ ይሻላል።

ልጁ የሞተሩን ዕዳ ገና ከፍሎ አልጨረሰም። ባለፈው ሰፈር ቡና ልንጠጣ ቁጭ ብለን ጀበናዋ ስትገነፍል «አጥፊው! አጥፊው!» ብሎ ቡና አፍይዋን አስደነገጣት።