በጽሑፍ ያለው እንዳይጠፋ

በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በአሌክሳንድሪያ የማኅበር ጥሪ፣ የሠርግ ካርድና የሐዘን ማስታወቂያ የሚያዘጋጁ ወገኖቻችን አንድ ችግር ሳይገጥማቸው አይቀርም፤ ከዓመታት በፊት በአማርኛ የተጻፈው ፋይል ሲከፈት በፊደላችን ፈንታ የላቲን ሆሄና ምልክት ተደበላልቆ ይመጣል።

ምክንያቱ የቀድሞዎቹ ፎንቶች የግዕዝን ቅርጽ በላቲን ሆሄያት ቦታ ላይ ማስቀመጣቸው ነው። ቦታው ከ256 ስለማያልፍ ፊደሉን ለሁለት የከፈሉም ነበሩ። ፎንቱ ሲጠፋ ጽሑፉም አብሮ ጠፋ። በ1999 እ.ኤ.አ. ግን ዩኒኮድ ለእያንዳንዱ ሆሄ የራሱን ቁጥር ሰጠ።

ስለዚህ አዲስ ሥራ ሁሉ በዩኒኮድ ይሠራ። ለርዕስ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ፣ ለረጅም ጽሑፍ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ኤስአይኤል ይስማማል፤ ሦስቱም በነፃ ይገኛሉ። ገጹን ለማብቃቃት ሲባል ፊደሉን ማሳነስ ግን አይበጅም፤ «ሉ» እና «ሊ» የሚለዩት በአንዲት ትንሽ ቅጥያ ነውና አዛውንት አንባቢ ይቸገራል።

ከሁሉ በላይ፣ የዕድርና የማኅበር መዝገብ በአሮጌ ፎንት የያዛችሁ ሁሉ፣ ፎንቱ ያለበት ኮምፒዩተር ሳይበላሽ ፎንቱን አብሮ በያዘ ፒዲኤፍ አስቀምጡት፤ በወረቀትም አትሙት። በጽሑፍ ያለ የሚወረሰው ሊነበብ ሲችል ብቻ ነው።