ጉግል ካርታ ላይ ቀድሞ መታየት

የአዲስ አበባ ሰው አድራሻ ሲጠየቅ «ከአደባባዩ ከፍ ብሎ፣ ከፋርማሲው ጎን» ይላል። ለሰፈሩ እንግዳ የሆነ፣ መኪናው መንገድ ላይ የቆመችበት ሹፌር ግን ስልኩን አውጥቶ «ጋራዥ» ብሎ ይጽፋል፤ ካርታው ከላይ ከደረደረለት ሁለት ወይም ሦስት ጋራዦች ወደ አንዱ ይደውላል። ከታች ያሉትን ወርዶ የሚያይ ጥቂት ነው።

ጉግል ይህን ቅደም ተከተል በሦስት ነገር እንደሚወስን ራሱ ይናገራል፦ ሥራዎ ከተፈለገው ነገር ጋር መግጠሙ፣ ከፈላጊው ያለው ርቀትና ታዋቂነት። ርቀቱ በእጅዎ አይደለም። የቀሩትን ሁለቱን ማሻሻል የሚጀመረው ጉግል ቢዝነስ ፕሮፋይል ከተባለው ነፃ ገጽ ነው። እስከ 2021 እ.ኤ.አ. ድረስ ጉግል ማይ ቢዝነስ ይባል ነበር።

መጀመሪያ የድርጅትዎን ስም ካርታው ላይ ይፈልጉ። አላፊ አግዳሚ መዝግቦት ሊሆን ይችላል፤ ምልክቱም ከበርዎ ሳይሆን ከማዶው ሕንፃ ላይ ተተክሎ ይሆናል። ባለቤትነትዎን ሲጠይቁ ጉግል ብዙ ጊዜ ቪዲዮ ይፈልጋል፦ መንገዱን፣ ታፔላውንና በሩን በቁልፍ ሲከፍቱ የሚያሳይ። ከተረጋገጠልዎ በኋላ ምልክቱን ወደ በርዎ ያዛውሩት።

ቀጥሎ ዋናው የሥራ ዘርፍ አለ። ኬክ ቤት ሆነው «ምግብ ቤት» ብለው ከተመዘገቡ፣ የልደት ኬክ ፈላጊ ሊያልፍዎት ይችላል። ስም ላይ ግን ታፔላው ላይ የሌለ ነገር አይጨምሩ፤ «በቦሌ ምርጡና ርካሹ» የሚል ቅጥያ ገጹን ሊያሳግድ ይችላል።

የእኛው ጣጣ ደግሞ ሰዓት ነው። ጠዋት 2 ሰዓት የሚከፍት ባለሱቅ «2» ብሎ ከሞላ፣ ካርታው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ይከፈታል ብሎ ያውጃል። መሙላት ያለበት 8 ኤኤም ነው። ገናና ፋሲካም ከመድረሳቸው በፊት የበዓል ሰዓት የሚሞላበትን ቦታ ይጠቀሙበት፤ ዘግተው ያገኘዎት ደንበኛ ንዴቱን በአንድ ኮከብ ይገልጸዋል።

ታዋቂነት የሚያድገው ቀስ ብሎ ነው፤ የአስተያየቶች ብዛትና የኮከብ አማካይ ይቆጠሩበታል። ደንበኛ ሒሳብ ሲከፍል «ካርታው ላይ አስተያየትዎን ይጻፉልን» ማለት ነውር የለበትም። በቅናሽ ወይም በስጦታ ማጻፍ ግን በጉግል ደንብ የተከለከለ ነው። ለወቀሳ የሚሰጡትን መልስ ደግሞ ከወቃሹ ይልቅ ገና ያልመጣው ደንበኛ ያነበዋልና ረጋ ብለው ይጻፉት።

«በወር ይህን ያህል ከከፈሉኝ አንደኛ አደርግዎታለሁ» የሚል ሰው ከመጣብዎ ይሸኙት። ማስታወቂያ ለብቻው ይሸጣል፣ ማስታወቂያ መሆኑም ይጻፍበታል፤ የተለመደውን ደረጃ ግን ጉግል ለማንም በገንዘብ አይሸጥም።