ለነገ ያደረ ክርክር

ደሴ አካባቢ አንድ ሠርግ ላይ ዳስ ውስጥ ተቀምጬ ሳለ፣ የምታስተናግደው ወጣት ጎንበስ ብላ «የእስላም ነው የክርስቲያን የሚቀርብልዎት?» አለችኝ። የሙሽራው አባት ሙስሊም፣ እናቱ ክርስቲያን ናቸው። ሰንጋው ሁለት፣ አራጁም ሁለት ነበር። ሌላ ቦታ እንዲህ ተብሎ የተጠየቀ ሰው ነገር የተፈለገበት ይመስለዋል። እዚያ ግን የሚጠየቀው እንግዳ ሳያውቅ እንዳይሳሳት ነው። ይህ ወግ በምን ተገኘ የሚለው ሐሳብ ከዚያ ወዲህ አልለቀቀኝም።

ወሎን «የመቻቻል ተምሳሌት» ብሎ ማለፍ ተለምዷል። ቦሩ ሜዳ ግን ከዚያው ከደሴ አጠገብ ናት። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንትን እዚያ ሰብስበው አከራከሩ። ተዋሕዶ ረታ፣ የሦስት ልደት ትምህርት ተወገዘ። ሙስሊሞችም በሦስት ዓመት ውስጥ እንዲጠመቁ ታዘዘ። የወሎው ገዥ ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ራስ ሚካኤል ተባሉ፤ ክርስትና ያነሷቸው ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ናቸው። ሌላውን የወሎ ገዥ አባ ዋጠውን ያነሱት ደግሞ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ነበሩ። ሼህ ጠልሃ ጃዕፈር እምቢ ብለው ተቃውሞ መሩ። ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት ሙስሊም ሆኖ የኖረውም ብዙ ነው። ከዛሬዎቹ ድብልቅ ቤተሰቦች አንዳንዶቹ የዚያ ዐዋጅ ልጆች ናቸው። ፍጻሜው በዐዋጅ የሚታሰር ክርክር ምን እንደሚያደርስ ያዩ ሰዎች፣ ኋላ ረቺና ተረቺ የሌለበትን ንግግር በየቤታቸው ለመዱ ብዬ አምናለሁ።

ሰባ ዓመት ያለፋቸው አንዲት እናት ይህን ከማንም በላይ አስረዱኝ። አባታቸው ለጋብቻ ሰልመዋል፤ ታላቅ ወንድማቸው ግን በአያቶቹ ቤት አድጎ ቄስ ሆኗል። «ስለ ሃይማኖት አይወራም ይሉሃል፣ ውሸት ነው! ባሌና ወንድሜ ስለ ኢሳ ሲከራከሩ ስንት ቡና ፈልቷል፣ ልጄ። አንዱ ሲግል ሌላው ተነሥቶ ከብት ውኃ ያጠጣል። ነገሩ ለነገ ያድራል። እንዲህ ሲያድር ዕድሜያቸውን ኖሩ፤ የረታም የለ፣ ቤት ጥሎ የሄደም የለ።»

ስለ ጾም ስጠይቃቸው ሳቁ። «ሁዳዴ ሲገባ ለወንድሜ የሚሠራበት ድስት ለብቻው ነው፤ ቅቤ አይነካውም። ረመዳን ሲገባ ደግሞ እሱ ቀን ቤቴን አይረግጥም። 'አፍልታ የማትጠጣውን ቡና አልጠጣም' ይላል። ባሌ የሞተ ጊዜ ቃሬዛውን ከያዙት አንዱ እሱ ነበር።»

እንዲህ ያለ አብሮነት ከወሎ ቤቶች ውጭ፣ አደባባይ ላይም ታይቷል። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሙስሊሞች ለእኩልነት ሰልፍ ሲወጡ ክርስቲያኖች አብረዋቸው ተሰልፈዋል።

ጎንደርም እንደ ወሎ ያሉ ድብልቅ ቤተሰቦች አሏት። ሆኖም በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. በአንድ የእስልምና አባት ቀብር ላይ፣ መካነ መቃብሩ ከቤተ ክርስቲያን በሚዋሰንበት ቦታ፣ ለቀብር በሚሆን ድንጋይ የተነሣ ነው የተባለ ጠብ ወደ ግድያ አመራ። ከ20 በላይ ሙስሊሞች መገደላቸውን የአማራ ክልል እስልምና ጉዳዮች ምክር ቤት አስታወቀ። በቀናት ውስጥ በስልጤ ዞን ወራቤ ከተማ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ።

የሃይማኖት ተቋማት ጉባኤ ከየእምነቱ አባቶችን አሰባስቦ ሲያወግዝና ሲማጸን ሰምተናል። መልካም ነው። ነገር ግን አብዛኛው ንግግር ከእሳት በኋላ ይመጣል። ስለ ድንበር፣ ስለ ድምፅ ማጉያ፣ ስለ መቃብር ቀድሞ የሚነጋገር ማን ነው? ጉዳዩ ይመለከታቸዋል የተባሉ አንድ ኃላፊን፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚዋሰኑ የሙስሊም መቃብሮች ወሰናቸው ተለክቶ ካርታ ወጥቶላቸው እንደሆነ ጠየቅኋቸው። «ከባለድርሻ አካላት ጋር እየሠራን ነው» አሉኝ። የትኞቹ፣ ስንቱ ስል ስብሰባ አለብኝ ብለው ተነሡ፤ መልሼ ስደውልም አላነሡም።

እኒያ እናት ግን መልስ ነበራቸው፦ «ሬሳ ተሸክሞ ድንበር አይለካም።» ሁለቱ ወገኖች በሚዋሰኑበት ከተማ ሁሉ ቄሱና ሼሁ ከማዘጋጃ ቤቱ ቀያሽ ጋር ሆነው፣ ቀብር በሌለበት ቀን ወሰኑን በእግራቸው ሊዞሩትና ሊፈርሙበት ይገባል። ለዚህ አዲስ ዐዋጅ አያስፈልግም።