አርማጉሳ የአይጥ ስኳር ቀነሰ፤ ለእርስዎስ?

ኒሯቅም ይኑሩ ሰቆጣ፣ «ለስኳር በሽታ አርማጉሳ ነው» ሲባል ሳይሰሙ አልቀሩም። ያን መራራ ቅጠል ወቅጦ ጭማቂውን መጠጣት የቆየ ልማድ ነው። በ2009 ዓ.ም. የአገራችን ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት ደግሞ ቅጠሉ የአይጦችን ስኳር ቀንሷል። እንዴት አወቁ?

መጀመሪያ ተክሉ ራሱ በእፅዋት ባለሙያ ይለያል። እኛ ዘንድ አንድ ስም ለሁለት ቅጠል መስጠት ብርቅ አይደለምና። ከዚያ ቅጠሉ ጥላ ላይ ይደርቃል፣ ይደቃል፣ በውሃ ወይም በአልኮል ይዘፈዘፋል፣ ይጠለላል። ፈሳሹ ሲተን የሚቀረውን ባለሙያዎች «ኤክስትራክት» ይሉታል፤ የቅጠሉ ጭማቂ ደርቆ ማለት ነው።

አይጦቹስ ስኳር ከየት ያዛቸው? አሎክሳን የሚባል ኬሚካል ይወጋሉ። ኬሚካሉ ቆሽት ውስጥ ኢንሱሊን የሚያመርቱትን ሴሎች ይገድላል። ኢንሱሊን ስኳርን ከደም ወደ ሰውነት ሴሎች የሚያስገባው ነው።

ቀጥሎ በቡድን ይከፈላሉ። አንዱ ኤክስትራክቱን ይጠጣል። አንዱ ግሊቤንክላማይድ ይሰጠዋል፤ ምናልባት እርስዎም የሚውጡት ክኒን ነው። አንዱ ምንም መድኃኒት የሌለው ፈሳሽ ብቻ ያገኛል። ያ ቡድን ባይኖር ስኳሩ በራሱ ይውረድ በቅጠሉ አይለይም። ከዚያ የጅራት ጫፍ ይወጋና ጠብታ ደም መለኪያው ላይ ይደረጋል። ጣትዎን ወግተው የሚለኩበት ዓይነት መሣሪያ ነው።

መጠኑስ? በጥናቱ ለአንድ ኪሎ ክብደት 300 እና 500 ሚሊ ግራም ተሰጥቷል። 60 ኪሎ ቢመዝኑ በ500ው 30 ግራም ብለው እንዳያሰሉ። የአይጥ ሰውነት መድኃኒትን ቶሎ ስለሚጨርስ ለሰው ሲገመት በ12 ገደማ ይካፈላል፤ ወደ 2.5 ግራም ይመጣል። እሱም የደረቀ ጭማቂ እንጂ ቅጠል አይደለም፤ ለሰውም ግምት እንጂ ትእዛዝ አይደለም። ቤት የተጨመቀው ኩባያ ውስጥ ስንት እንዳለ የሚያውቅ የለም። ቅጠሉም በክረምትና በበጋ አንድ አይሆንም።

በእንዲህ ዓይነት ጥናቶች አንቲኦክሲዳንት የሚሉትስ? ሴል የሚጎዱ ፍሪ ራዲካል የተባሉ ቅንጣቶችን የሚያበርድ ነገር ነው። ሲፈተን ዲፒፒኤች የተባለ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ፈሳሽ ላይ ኤክስትራክቱ ይጨመራል፤ ከሠራ ፈሳሹ ወደ ቢጫ ይለወጣል። ለዓይን ደስ ይላል፣ ርካሽም ነው። ግን ሻይም ይህን ያደርጋል፤ እኔ ብዙ አልመካበትም።

ቅጠሉ በነፃ ይገኛል። በጥናቱ ገንዘብ የሚበላው ኬሚካሉ፣ የአይጦቹ ቀለብና የባለሙያው ጊዜ ነው። ከሁሉም የሚከብደው ግን በሰው ላይ የሚደረገው ፈተና ነው። ለምሳሌ ሜትፎርሚን የተባለው የስኳር ክኒን መነሻው ጋሌጋ የምትባል ተክል ናት፤ ራሷ ከብት ትመርዛለች። ክኒኑ እ.ኤ.አ. በ1922 ተቀምሞ ለስኳር ሕሙማን የተሰጠው በ1957 ነው።

«ታዲያ ልጠጣ?» ክኒን እየዋጡ ቅጠል ከደረቡበት ስኳሩ ከ70 በታች ሊወርድ ይችላል። ላብ ካጠመቀዎትና እጅዎ ከተንቀጠቀጠ ቶሎ ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ ይጠጡ። ክኒኑን በራስዎ አያቋርጡ። እየጠጡ ከሆነም አይደብቁ፤ ቀጠሮ ሲሄዱ አንድ ዘለላ ቅጠል ይዘው ለሐኪሙ ያሳዩ።