የደመወዝ ሠንጠረዡ ሲቀየር

ሐምሌ 10 ቀን 2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395ን በአብላጫ ድምፅ አጸደቀ። አዋጁ ስለ ነጋዴዎች ግብርም ይደነግጋል። ለደመወዝተኛውና ለቀጣሪው ግን ትልቁ ለውጥ በአንዲት አጭር ሠንጠረዥ ውስጥ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ያገለገለው የደመወዝ ግብር ምጣኔ ተሰርዞ በአዲስ ተተካ። ያውም ከጸደቀበት ቀን ሳይሆን ወደኋላ ተመልሶ ከሐምሌ 1 ጀምሮ።

ደባርቅ ላይ ሆቴል ወይም ሎጅ ለሚያስተዳድር ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለማየት የከተማዋን ኑሮ ማወቅ ይጠቅማል። ደባርቅ ከጎንደር በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ፣ የሰሜን ጎንደር ዞን መቀመጫና የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ ናት። የፓርኩ ጽሕፈት ቤትና የደባርቅ ዩኒቨርሲቲ እዚያው ናቸው። በአስፋልቱ ግራና ቀኝ ሆቴሎች፣ ክሊኒኮች፣ የግል ትምህርት ቤቶችና የሥራ ተቋራጮች ቢሮዎች ተደርድረዋል። ደቡብ ላይ ዳባት፣ ከፍ ሲሉ ከሳንቃበር ወደ ጭነቅ በሚወስደው መንገድ አምባራስ አሉ። ከእነዚህ ቀጣሪዎች ብዙዎቹ አምስት፣ አሥር፣ ቢበዛ ሃያ ሠራተኛ ያላቸው ናቸው። የሰው ኃይል ክፍል የሚባል ነገር የላቸውም። ያላቸው አንድ ሒሳብ ሠራተኛ ነው። እሱም አንዳንዴ በወር አንድ ጊዜ መዝገብ ለመዝጋት ብቻ የሚመጣ ይሆናል።

የሒሳብ ሠራተኛው ዋና መሣሪያ ብዙ ጊዜ ከአንዱ ድርጅት ወደ ሌላው ሲቀዳ የኖረ የኤክሴል ፋይል ነው። ፒችትሪ የሚባለውን የሒሳብ ሶፍትዌር የሚጠቀሙም አሉ። በ2008 የወጣው ምጣኔ በቀመሩ ውስጥ ተቀብሮ ስለሚቀመጥ፣ ፋይሉን የሚሞላው ሰው ከስምና ከደመወዝ በቀር የሚነካው ነገር የለም። ግብሩን ማሽኑ ያሰላል ይባላል። ማሽኑ ግን የሚያሰላው በተነገረው ሕግ ነው።

ልዩነቱን በቁጥር እንየው። በ2008ቱ አዋጅ ቁጥር 979 ከግብር ነፃ የሆነው ደመወዝ እስከ 600 ብር ነበር፤ ከ10,900 ብር በላይ ያለው ደግሞ 35 በመቶ ይከፈልበት ነበር። በአዲሱ አዋጅ ነፃው ወለል 2,000 ብር ሆነ። ከ2,001 እስከ 4,000 ብር 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ብር 20 በመቶ፣ እስከ 10,000 ብር 25 በመቶ፣ እስከ 14,000 ብር 30 በመቶ፣ ከ14,000 በላይ 35 በመቶ ይከፈላል። የቀድሞው የ10 በመቶ እርከን ጨርሶ ወጥቷል።

አሁን አንድ የሎጅ ምግብ አብሳይ በወር 8,000 ብር ይከፈለዋል እንበል። በአሮጌው ሠንጠረዥ ግብሩ 1,445 ብር ነበር። በአዲሱ 1,150 ብር ነው። በወር 295 ብር ወደ ኪሱ ይመለሳል ማለት ነው። 3,500 ብር የሚከፈለው የጥበቃ ሠራተኛ ከ397 ብር ከ50 ወደ 225 ብር ይወርድለታል። 20,000 ብር የሚያገኘው ሥራ አስኪያጅ ደግሞ 550 ብር ይቀንስለታል፤ ከዚያ በላይ የሚያገኝ ሁሉ ቅናሹ ያው 550 ነው።

የቀመሩን ፋይል ያልቀየረ ቀጣሪ እንግዲህ ከጥበቃው በየወሩ 172 ብር ከ50 ያለ አግባብ እየወሰደ ነው። እዚህ ላይ አንድ የማይመች እውነት አለ። ቀጣሪ አሳንሶ ከቆረጠ ኦዲተር ሲመጣ ይደርስበታል፤ ገንዘቡን ከነመቀጫው ይከፍላል። አብልጦ ከቆረጠ ግን ገቢዎች ጽሕፈት ቤቱ የጎደለበት ነገር ስለሌለ ጉዳዩ ዝም ብሎ ሊያልፍ ይችላል። የሚጎዳው ሠንጠረዡን አይቶ የማያውቀው ሠራተኛ ነው። ስለዚህ የሕግ ለውጥን መከታተል ቅጣት የመፍራት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የሌላ ሰው ደመወዝ የመጠበቅ ጉዳይ ነው።

አንድ ስህተት ደግሞ ከሠራተኛውም ከቀጣሪውም አፍ ሲሰማ ይኖራል። «ጭማሪ ከተሰጠኝ ሌላ እርከን ውስጥ ገብቼ ጭራሽ ይቀንስብኛል» የሚለው ነው። እንዲህ አይደለም። ከፍ ያለው ምጣኔ የሚነካው ከእርከኑ በላይ ያለውን ብር ብቻ ነው። ሒሳብ ሠራተኞች ሥራውን ለማቅለል ጠቅላላውን ደመወዝ በከፍተኛው ምጣኔ አባዝተው ከዚያ ቋሚ ቁጥር ይቀንሳሉ። በአዲሱ ሕግ እነዚህ ተቀናሾች በቅደም ተከተል 300፣ 500፣ 850፣ 1,350 እና 2,050 ብር ናቸው። የአብሳዩን 8,000 ብር በ25 በመቶ አባዝቶ 850 የቀነሰ ሰው 1,150 ያገኛል። ምጣኔውን ቀይሮ ተቀናሹን የረሳ ሰው ግን ከድሃ ደመወዝ ላይ ትልቅ ገንዘብ ይቆርጣል።

በጡረታ መዋጮ በኩል ያለው ነገር ሌላ ነው። በ2003 የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 715 ሲወጣ ለብዙ የግል ቀጣሪዎች ፍጹም አዲስ ነገር ነበር። መዋጮው በየዓመቱ እያደገ ሄዶ አሠሪው 11 በመቶ፣ ሠራተኛው 7 በመቶ ላይ ቆመ። በ2014 አዋጅ ቁጥር 1268 የቀድሞውን ሲተካም ምጣኔው አልተለወጠም። የሚሰላው በመነሻ ደመወዙ ላይ ነው። ለአብሳዩ ስንመልሰው፣ ከእሱ 560 ብር ይቆረጣል፤ ድርጅቱ ከራሱ 880 ብር ይጨምራል። አብሳዩ እጁ ላይ የሚደርሰው 6,290 ብር ነው፤ ለሎጁ ግን ወጪው 8,880 ብር ነው። «በስምንት ሺህ ቀጠርኩት» የሚል ባለሀብት ያን 880 ብር በዕቅዱ ካላስገባ ዓመቱ ሲያልቅ ይደነግጣል።

ጡረታው በሰሜን ተራሮች አካባቢ የራሱ ጣጣ አለው። የቱሪስቱ ወቅት በዋናነት ክረምቱ ካለፈ በኋላ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ነው። ሎጆችና ሆቴሎች በዚያ ጊዜ አስተናጋጅ፣ ጽዳትና አትክልተኛ ይቀጥራሉ፤ ዝናቡ ሲመጣ ያሰናብታሉ። «ጊዜያዊ ስለሆነ አይመለከተኝም» የሚለው አባባል የተለመደ ነው። ሕጉ ግን ከ45 ቀን ላላነሰ ጊዜ የተቀጠረን ሠራተኛ ከጡረታው ውስጥ ያስገባዋል። ከጥቅምት እስከ ጥር የሠራች አስተናጋጅ ያለ ጥርጥር ውስጥ ናት። የደመወዝ ግብሩ ደግሞ በአብዛኛው ቋሚና ጊዜያዊ ብሎ አይለይም። በአንጻሩ በመኖሪያ ቤት ለሚሠራ የቤት ሠራተኛ የሚከፈል ደመወዝ ከግብር ነፃ ነው።

አስጎብኚው፣ የበቅሎ ነጂውና ስካውት የሚባለው ቱሪስቱን የሚያጅብ ጠባቂስ? አምባራስ ላይ በቅሎዋን ይዞ ቱሪስት የሚጠብቅ ገበሬ የማንም ተቀጣሪ አይደለም። ተራው ሲደርስ ጭኖ ይሄዳል፤ የቀን ሒሳቡን ይቀበላል። የራሱ በቅሎ፣ የራሱ ጊዜ ነው። ያው ሰው ግን አንድ የጉዞ ድርጅት በወር ደመወዝ ቀጥሮት፣ ሰዓቱን ወስኖለት፣ አለቃ መድቦለት ቢሠራ ተቀጣሪ ይሆናል፤ ያኔ ድርጅቱ የደመወዝ ግብርም ጡረታም መቁረጥ አለበት። በወረቀት ላይ «ኮንትራት» ብሎ መጻፍ ብቻውን ነገሩን አይለውጠውም። በዚህ መስመር ላይ ያሉ ቀጣሪዎች ሐሳባቸውን ሳይወስኑ ዓመታት ያሳልፋሉ፤ ክርክሩ የሚነሳው አንድ ቀን ሠራተኛው ሲታመም ወይም ሲሰናበት ነው።

ግብሩ ለማን ይገባል የሚለውም በሕገ መንግሥቱ የተከፋፈለ ነው። አንቀጽ 97 የክልል መንግሥት ሠራተኞችንና የግል ድርጅት ተቀጣሪዎችን ግብር ለክልል ይሰጣል። የፌዴራል ተቋም ሠራተኞች ግብር ደግሞ ለፌዴራል መንግሥት ነው። ስለዚህ በአንድ ጎዳና ላይ የሚኖሩ ሁለት ጎረቤቶች፣ አንዱ የዩኒቨርሲቲ መምህር ሌላዋ የሆቴል ገንዘብ ያዥ፣ በአንድ ዓይነት ምጣኔ ግብር እየከፈሉ ገንዘባቸው ወደ ሁለት የተለያዩ ካዝናዎች ይገባል። ክልሎች የራሳቸውን የገቢ ግብር ሕግ ያወጣሉ፤ ይዘቱ በአብዛኛው የፌዴራሉን ይከተላል። የፌዴራል ሕግ በነጋሪት ጋዜጣ፣ የአማራ ክልል ሕግ በዝክረ ሕግ ይታተማል። ደባርቅ ያለ ቀጣሪ ሁለቱንም መጠየቅ አለበት፤ የአዲስ አበባ ዜና ብቻውን አይበቃም።

የመክፈያው ጊዜ አልተወሳሰበም። የአንድ ወር ግብር ወሩ ካለቀ በኋላ ባሉት 30 ቀናት ይገባል። ጳጉሜን በግብር ሕጉ የነሐሴ አካል ሆና ትቆጠራለች፤ አሥራ ሦስተኛ ደመወዝ የሚጠየቅባት ወር አይደለችም። በ2008ቱ የግብር አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983 መሠረት መቁረጥ ሲገባው ያልቆረጠ ወይም ቆርጦ ያላስገባ ቀጣሪ የግብሩን 10 በመቶ ይቀጣል። ዘግይቶ ለሚከፈል ግብር ደግሞ ለመጀመሪያው ወር 5 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ወር 2 በመቶ መቀጫ ይጨመራል፤ ወለዱ ለብቻው ነው። ከሠራተኛ ተቆርጦ በድርጅቱ ሒሳብ ውስጥ የተቀመጠ ብር የድርጅቱ አይደለም። ገበያ ሲቀዘቅዝ ግን መጀመሪያ የሚነካው እሱ ነው፤ ለናፍጣ፣ ለዱቄት፣ ለኪራይ ይውላል።

ገበያ ሲቀዘቅዝ ማለት ደግሞ ለደባርቅ ተራ ነገር አልሆነም። በ2012 ኮሮና ቱሪስቱን አስቀረ። በዚያው ዓመት መንግሥት ሥራ አቁመው ደመወዝ መክፈል ለቀጠሉ ድርጅቶች የአራት ወር የደመወዝ ግብር ምሕረት አደረገ። ይህን በጊዜው የሰማ ቀጣሪ ተጠቀመ፤ ያልሰማው ከሌለው ላይ ከፈለ። ቀጥሎ ጦርነት መጣ፤ በ2013 ማብቂያ እስከ ዳባት ወረዳ ደረሰ። ከ2015 ወዲህ ደግሞ ሌላ ግጭት አለ። እንዲህ ባለ ጊዜ ሠራተኛ የቀነሰ ወይም የዘጋ ድርጅት ወረቀቱን መርሳቱ አይገርምም። ሆኖም ለግብር ጽሕፈት ቤቱ በጽሑፍ ያላሳወቀ ድርጅት፣ ሰላም ሲመለስ ስላልከፈለው ብቻ ሳይሆን ስላላሳወቀውም ሊጠየቅ ይችላል።

ለውጡ ለሠራተኛው ምን ያህል ጠቀመ? ወለሉ በ1994ቱ አዋጅ 150 ብር፣ በ2008 600፣ በ2017 2,000 ብር ሆኗል። ሲያዩት ያደገ ይመስላል። በ2008 ማብቂያ ግን አንድ ዶላር 22 ብር ገደማ ስለነበር 600 ብር 27 ዶላር ያህል ነበር። ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ በኋላ 2,000 ብር 15 ዶላር አይሞላም። ዶላር የደባርቅ ገበያ መለኪያ አይደለም ቢባል እንኳ፣ በእነዚህ ዓመታት ውስጥ የጤፍና የዘይት ዋጋ ሦስት እጥፍ ብቻ ጨመረ የሚል ሸማች አይገኝም። ወለሉ ከኑሮው ኋላ ቀርቷል፤ ይህን ደፍሮ መናገር ያስፈልጋል።

ከመስከረም 2018 ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ መስተካከሉም ይህንኑ ያሳያል። የመጀመሪያ ዲግሪ መነሻ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ሲያድግ፣ ጀማሪዋ መምህርት ከ20 በመቶ እርከን ዘላ 30 በመቶው ውስጥ ገባች። ግብሯ ከ888 ወደ 2,100 ብር ወጣ። ጡረታው ተቆርጦ 8,595 ብር ይደርሳታል። ከዩኒቨርሲቲውና ከመንግሥት ትምህርት ቤቱ ጋር ለሰው የሚፎካከረው የግል ትምህርት ቤት ባለቤት ደግሞ ደመወዝ መጨመር ግድ ሆነበት፤ በጨመረው ላይ 11 በመቶውን እየደረበ።

ዘጠኝ ዓመት ያልተነካ ሕግ ለቀጣሪ ምቹ ነው የሚሉ አሉ። ምቾቱ ግን ዋጋ አለው፤ ኬንያን ማየት ይበቃል። እዚያ በአውሮፓውያኑ ሐምሌ 2023 ከደመወዝ ላይ 1.5 በመቶ የቤት ልማት መዋጮ ከሠራተኛም ከአሠሪም መቁረጥ ተጀመረ። በዚያው ዓመት ኅዳር ከፍተኛው ፍርድ ቤት ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል አለ፤ በመጋቢት 2024 በአዲስ ሕግ ተመለሰ። በጥቅምት 2024 ደግሞ የጤና መድኅኑ ወደ 2.75 በመቶ መዋጮ ተቀየረ። የናይሮቢ ሒሳብ ሠራተኛ ስለዚህ በየጥቂት ወሩ ሕጉን ያነባል። የእኛው ግን ዘጠኝ ዓመት ሳያነብ ስለኖረ፣ ለውጡ ሲመጣ የት እንደሚያነብ እንኳ ግራ ይገባዋል።

ስለዚህ ሠራተኛ ለሆነ ሰው አንድ ምክር አለ። የደመወዝ መክፈያ ዝርዝር ላይ ከመፈረም በፊት ጠቅላላ ደመወዙን፣ ግብሩንና ጡረታውን ለየብቻ ያንብብ፤ በስልክ ካልኩሌተር ያባዛ። ለቀጣሪም እንዲሁ፤ በየዓመቱ ሐምሌ መግቢያ ላይ የኤክሴሉን ቀመር ከፍቶ ከአዋጁ ጋር ያስተያይ፤ ከሐምሌ 2017 ወዲህ በአሮጌው ሠንጠረዥ የቆረጠ ካለ ዛሬውኑ ሒሳቡን ሠርቶ ግብር ጽሕፈት ቤቱን ያማክር። የደባርቅና የዳባት ገቢዎች ጽሕፈት ቤቶችም ስድስት መስመር ያላትን ሠንጠረዥ በአንድ ገጽ አትመው በራቸው ላይ ይለጥፉ። ወጪው የአንድ ወረቀት ነው።