ተጨማሪ መረጃ፦ በሙቅ ውሃ የሚሠራ የሴራሚክ ዱቄት

ባሪየም ታይታኔት ሲጫኑት ቮልቴጅ የሚፈጥር፣ ማለትም ፒዞኤሌክትሪክ የሆነ ሴራሚክ ነው። በተለመደው ዘዴ ባሪየም ካርቦኔትና ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ተደባልቀው ከ1000 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይግላሉ፤ ውጤቱም ይፈጫል።

በሃይድሮተርማል ዘዴ ግን ታይታኒየም ዳይኦክሳይድና ባሪየም ሃይድሮክሳይድ ከውሃ ጋር ኦቶክሌቭ በሚባል፣ እንደ ፕሬሸር ኩከር ግጥም ብሎ በሚዘጋ የብረት ዕቃ ውስጥ ይሞቃሉ። በ200 ዲግሪ የእንፋሎቱ ግፊት ከከባቢ አየር ግፊት 15 እጥፍ ገደማ ስለሚደርስ ውሃው አይፈላም። በዚህ ፈሳሽ ውስጥ በናኖሜትር የሚለኩ ደቃቅ ክሪስታሎች ይፈጠራሉ፤ ብዙ መፍጨት አያስፈልግም፤ ነዳጅም ይቆጠባል።

ጥንቃቄ፦ ከአየር የሚገባ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ባሪየሙን ወደ ካርቦኔት ለውጦ ዱቄቱን ይበክላል። ንጹሁ ዱቄት ተጠቅጥቆ ከተተኮሰ በኋላ በጠንካራ የኤሌክትሪክ መስክ ውስጥ ሲቆይ ፒዞኤሌክትሪክ ባሕርይ ያገኛል።