ከመሣሪያው በፊት በወረቀት

እንደሚታወቀው፣ የኮምፒዩተር ፕሮግራም መጻፍ የሚለማመድ ሠልጣኝ መጀመሪያ ከሚገጥሙት ጥያቄዎች ውስጥ የአሬይና የስትሪንግ ጥያቄዎች ይገኛሉ። አሬይ ማለት ተራ ቁጥር የተሰጣቸው የሣጥኖች ተርታ ነው። ስትሪንግ ደግሞ በየሣጥኑ አንድ አንድ ፊደል የተቀመጠበት ተርታ ነው። በብዙዎቹ የፕሮግራም ቋንቋዎች ቆጠራው የሚጀምረው ከ0 ነው፤ ስለዚህ አምስት ሣጥን ካለ የመጨረሻው ቁጥር 4 ይሆናል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚችው ላይ ነው።

እስቲ አንድ ጥያቄ እንሞክር። አንድ ቃል ከፊትም ከኋላም ሲነበብ አንድ ዓይነት መሆኑን እንዴት እናውቃለን? «ውሃው» የሚለውን እንውሰድ። ግራ ጣታችንን በ0፣ ቀኝ ጣታችንን በ2 ላይ እናሳርፍ። ሁለቱም «ው» ናቸው። ጣቶቻችንን አንድ አንድ እርምጃ ወደ መኻል ስናስጠጋ «ሃ» ላይ ይገናኛሉ፤ አለቀ። በመንገድ ላይ ፊደሎቹ ቢለያዩ ግን እዚያው ቆመን «አይደለም» እንላለን።

«ይኼማ ቀላል ነው» የሚል አይጠፋም። ታዲያ ስትሪንጉ ባዶ ቢሆንስ? አንድ ፊደል ብቻ ቢኖረውስ? የፊደሉ ብዛት ተጋማሽ ሆኖ ጣቶቹ ሳይገናኙ ቢተላለፉስ? መልመጃ ማለት ይህንን መጠየቅ ነው።

አሁን ወደ መምህሩ ሥራ እንምጣ። የተማሪዎች መዝገብ በኮምፒዩተር ተይዟል እንበል። መዝጋቢው «ኃይሉ» ብሎ ጽፏል፤ መምህሩ «ሀይሉ» ብሎ ይፈልጋል። ለጆሮ አንድ ነው። በዩኒኮድ ግን የ«ኃ» ቁጥር 4739፣ የ«ሀ» 4608 ስለሆነ ኮምፒዩተሩ «የለም» ይላል፤ ልጁ ግን ክፍል ውስጥ ተቀምጧል! መፍትሔው ከማወዳደር በፊት ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ ማምጣት ነው። ልብ በሉ፦ «ኃ»ን ወደ «ሃ» ብቻ የለወጠ ሠልጣኝ አሁንም ልጁን አያገኘውም፤ «ሀ»ና «ሃ»ም በድምፅ አንድ፣ በቁጥር ሁለት ናቸውና። ደግሞም የሚለወጠው ለማወዳደሪያ የተወሰደው ቅጂ እንጂ በመዝገቡ ያለው ስም አይደለም።

ይህን ሁሉ መሣሪያ ሳይነኩ፣ በወረቀት ላይ ሣጥን አስምሮ በእርሳስ መከተል ይቻላል። የሰው መልስ ገልብጦ «ሠራልኝ» የሚል ሠልጣኝ ነገ ተማሪው «ለምን?» ሲለው ምን ሊመልስ ነው?

መልመጃ፦ በአንድ ቃል ውስጥ ሳይደገም የሚገኘውን የመጀመሪያ ፊደል የሚያወጣ ዘዴ ጻፉ። በ«በበጋ» ጀምሩ፤ ቀጥሎ ፊደሎቹ ሁሉ የሚደጋገሙበትን ቃል ሞክሩ።